በጀትና ግብርን በሴቶች ዓይን ማንበብ፦ ከቤት ወጪ እስከ ምክር ቤት

በየዓመቱ ሰኔ ግድም የገንዘብ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው የመጪውን ዓመት በጀት ያብራራሉ። ማታ ዜና ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ይነገራል። ለ2018 በጀት ዓመት የተነገረው 1.93 ትሪሊዮን ብር ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ሰምተን ትንሽ እንገረማለን፣ ከዚያ ወደ ጉዳያችን እንመለሳለን። ጉዳያችን ግን እዚያው ቁጥሩ ውስጥ ነው ያለው። የሞዴስ ዋጋ፣ የቦኖ ውሃ ሰልፍ፣ የሱቅ ግብር፣ የወሊድ ፈቃድ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይወሰናሉ።

"ለሴቶች ስንት ተመደበ?" ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴርን መስመር ይፈልጋል። በወረዳ ደረጃም የሴቶች ጽሕፈት ቤትን ያያል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የሴቶችን ኑሮ በብዛት የሚወስነው "ሴቶች" የሚል ቃል የማይገኝበት መስመር ነው። የውሃ፣ የመንገድ፣ የጤና፣ የደመወዝ ግብር፣ የጉምሩክ ቀረጥ መስመሮችን ማለቴ ነው። መንግሥት አንድን ወጪ ሲተው ሥራው አይቀርም። አንድ ሰው በነጻ ይሠራዋል። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት።

ይህን አነባበብ እኛ የጀመርነው አይደለም። አውስትራሊያ በ1984 እ.ኤ.አ. የሴቶች በጀት መግለጫ ማውጣት ጀመረች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ፣ በ1995 እ.ኤ.አ.፣ የምክር ቤት አባላትና የሲቪል ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው በጀቱን በዚህ መንገድ መመርመር ያዙ። እኛም አገር ሕጉ አለ። የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 970/2008 በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ ከግምት እንዲገባ ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በልማት ፖሊሲ ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ የምትጠይቁት መብታችሁን ነው፤ ማንም ውለታ አልዋለላችሁም።

ይህ ጽሑፍ ለሴቶች ማኅበር አባላት፣ ለወረዳ ምክር ቤት ተመራጮች፣ ለጋዜጠኞች፣ ለተማሪዎች፣ እንዲሁም በጀት የሚባለውን ነገር መረዳት ለሚፈልግ ማንኛውም ሰው ነው። ካልኩሌተር፣ ደብተርና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል።

1ኛ ደረጃ፦ አንዲት ሴት ምረጡና ቀኗን ጻፉ

ከሰነዱ አትጀምሩ። ከሰው ጀምሩ። በአካባቢያችሁ ያለችን የአንዲት ሴት ኑሮ በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙ። ቤቷ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ልትሆን ትችላለች። ወይም ፋብሪካ ተቀጥራ የምትሠራ፣ ወይም ገጠር መሬት ያላት። ሁሉንም ሴት በአንዴ ለማየት መሞከር ምንም አለማየት ነው። ባለ ሁለት ልጅ ባለትዳርና ብቻዋን የምታሳድግ እናት እንኳ በጀቱ የሚነካቸው በተለያየ መንገድ ነው።

ከዚያ ገጹን ለሦስት ክፈሉት። አንደኛው ላይ ገንዘብ ከየት እንደሚገባላት ጻፉ። ሁለተኛው ላይ በምን እንደሚወጣ። ሦስተኛው ላይ ሰዓቷን። ሦስተኛውን እንዳትዘሉት። ስንት ሰዓት ትነሳለች? ውሃ ለመቅዳት ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል? ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ቀበሌ ስትሄድ ስንት ሰዓት ትሰለፋለች? ልጅ ሲታመም ከሥራ የሚቀረው ማን ነው? የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ.ም. የጊዜ አጠቃቀም ጥናት አድርጎ ነበር። በዚያ ጥናት እንደታየው ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ ጫናው በሴቶች ላይ ነው። እናንተ ግን የሰፈራችሁን መረጃ ነው የምትፈልጉት። አምስት ስድስት ሴቶችን አነጋግሩ። እንግዲህ ሰነዱን ስታነቡ "ይህ መስመር ከሦስቱ የትኛውን ይነካል?" እያላችሁ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ሰነዱን በጊዜው ያዙ

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። የዝግጅቱ ሥራ ግን ቀደም ብሎ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶች የበጀት ጥሪ ደርሷቸው ዕቅዳቸውን የሚያስገቡት በበጋው ወራት ነው። ፓርላማ ሲደርስ የሚለወጠው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ የሚነሳ ጩኸት ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ጥያቄያችሁ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ መድረስ አለበት።

በየትኛው ደረጃ እንደምትጠይቁም እወቁ። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ይሰጣል፣ ክልሎች ደግሞ ለወረዳዎች ያከፋፍላሉ። የአስተማሪ ደመወዝ፣ የጤና ኬላ፣ የገጠር ውሃ በአብዛኛው የወረዳ ጉዳይ ነው። የግብር ምጣኔና ጉምሩክ ደግሞ የፌዴራል። ስለ ቦኖ ውሃ ለሚኒስትር ብታመለክቱ፣ ወይም ስለ ቫት የቀበሌውን ሊቀመንበር ብትጠይቁ፣ የምታገኙት መልስ "አይመለከተንም" ነው።

የፌዴራሉ የበጀት አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ወረዳዎች ደግሞ በጀታቸውን ለሕዝብ በሚገባ ቅጽ አዘጋጅተው በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰሌዳው ባዶ ከሆነ የወረዳውን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እምቢ ካሉ በጽሑፍ ጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣችኋል። መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ደብዳቤያችሁን በመዝገብ ቤት አስገቡ፣ ቀንና ቁጥር ያለበትን ቅጂ ያዙ። በቃል የተጠየቀ ነገር በቃል ይቀራል።

3ኛ ደረጃ፦ ግብሩን አስሉት

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ብዙ ሰው ስለ ሴቶች ሲያስብ የሚታየው የመንግሥት ወጪ ብቻ ነው፣ ግብር ግን ለሁሉም እኩል ይመስለዋል። እኩል ምጣኔ እኩል ጫና ማለት አይደለም።

ከደመወዝ ግብር እንጀምር። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነጻ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ሲሆን 35 በመቶ ይደርሳል። ጥሩ ለውጥ ነው። ማን ምን ያህል እንዳገኘ ግን በካልኩሌተር እዩት። 2,000 ብር የምታገኝ ሴት ድሮ 157.50 ብር ትከፍል ነበር፣ አሁን ምንም አትከፍልም። 5,000 ብር የምታገኝ ከ697.50 ወደ 500 ብር ወረደላት። 30,000 ብር የሚያገኝ ደግሞ ከ9,000 ወደ 8,450 ወረደለት። በብር ስታዩት ትልቁን ቅናሽ ያገኘው ትልቁ ደመወዝተኛ ነው፣ 550 ብር። ከደመወዛቸው አንጻር ስታዩት ግን የመጀመሪያዋ ወደ 8 በመቶ፣ እሱ ደግሞ 2 በመቶ እንኳ የማይሞላ ነው ያገኙት። ሁለቱንም ጻፉ። ባለሥልጣን የሚነግራችሁ አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቀጥላችሁ ደግሞ ማን እንደቀረ ጠይቁ። የደመወዝ ግብር ሲቀነስ የሚጠቀመው ደመወዝ ያለው ሰው ነው። ጉሊት ለምትሸጠው፣ ልብስ ለምታጥበው ምንም አይደርሳትም።

ነጻው መጠን 600 ብር ላይ ተቸንክሮ በቆየባቸው ዓመታት የሆነውን አስታውሱ። በ2011 ዓ.ም. ግድም ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአንዲት ልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ 750 ብር አካባቢ ነበር። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ናቸው። ከ600 በላይ ባለው 150 ብር ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 15 ብር፣ በየወሩ ይቆረጥ ነበር። በዚያው ጊዜ የቀጠሯቸው ኩባንያዎች የዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ ነበራቸው። እፎይታው ሥራ ይፈጥራል ተብሎ ነው የተሰጠው፣ ሥራም ፈጥሯል። ሆኖም ከድርጅቱ ያልተሰበሰበ ግብር እንደ ወጪ ነው መታየት ያለበት። የበጀት ሰነዱ ላይ ግን በጉልህ አይታይም። ስለዚህ "ምን ተሰበሰበ?" ስትሉ "ምን ተተወ? ለማን?" የሚለውንም አክሉበት።

አሁን ወደ ትናንሽ ነጋዴዎች። በአዲሱ ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑ ነጋዴዎች ግብራቸው የሚታሰበው በሽያጫቸው ነው። ምጣኔው ሽያጩ ከፍ ሲል ከፍ ይላል። አሠራሩ ቀላል ነው፣ የመዝገብ ጣጣ ይቀንሳል። ችግሩ ሽያጭና ትርፍ ለየቅል መሆናቸው ነው።

ሽሮና በርበሬ የምትሸጥ ባለ ባልትና ሱቅ አስቡ። በዓመት 600,000 ብር ትሸጣለች። ከመቶ ብር ሽያጭ አሥር ብር ቢተርፋት ትርፏ 60,000 ብር ነው። ለምሳሌ ያህል በሽያጩ ላይ 3 በመቶ ቢጣልባት 18,000 ብር ትከፍላለች። የትርፏ 30 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ጎረቤቷ ያለው ነጋዴ ተመሳሳይ ሽያጭ ኖሮት ከመቶ አርባ ቢያተርፍ፣ ያችው 18,000 ብር የትርፉ 7.5 በመቶ ብቻ ናት። አሁን ደግሞ በወር 5,000 ብር ከምታገኝ ተቀጣሪ ጋር አወዳድሯት። የተቀጣሪዋም የዓመት ገቢ 60,000 ብር ነው። የምትከፍለው ግን 6,000 ብር ነው።

ሴቶች በብዛት ያሉበት ንግድ ምግብ፣ ባልትና፣ ቡና፣ አትክልት ነው። ትርፉ ስስ ነው። ሕጉ "ሴት" የሚል ቃል ሳያነሳ በሴቶች ላይ ይከብዳል የምለው ለዚህ ነው። በአካባቢያችሁ ያለውን ትክክለኛ ምጣኔ ከግብር ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ የራሳችሁን ስሌት ሥሩ። መዝገብ ብትይዝ በትርፏ ልትገመት ትችል እንደሆነም አብራችሁ ጠይቁ።

ቫት ደግሞ ገዢው ሁሉ ይከፍለዋል፤ 15 በመቶ ነው። እዚህ የሚታየው ምን ነጻ እንደሆነና ነጻነቱ የት ላይ እንደሚያልቅ ነው። ኤሌክትሪክን ውሰዱ። በአዲሱ የቫት ሥርዓት በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ከቫት ነጻ ነው። የተለመደው ቤተሰብ ይጠበቃል። ግን ቤቷ ሆና ለሽያጭ እንጀራ የምትጋግረዋን አስቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ግድም ይስባል። በቀን ሁለት ሰዓት ብትጋግር በወር 210 ኪሎዋት ሰዓት በምጣዱ ብቻ አለፈች። መብራቱ፣ ማቀዝቀዣው ገና አልተቆጠረም። የእሷ ቤት የሥራ ቦታዋም ነው፣ ቆጣሪው ግን ይህን አያውቅም። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገኘው የአንዲት ሴትን ቀን ይዞ ሰነዱን ሲያነቡ ነው።

ጉምሩክም እንደዚሁ ነው። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ከውጭ በሚገባ ሞዴስ ላይ የነበረውን 30 በመቶ ቀረጥ ወደ 10 በመቶ አወረደ። እዚሁ ለሚያመርቱት ደግሞ ጥሬ ዕቃው ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ተፈቀደ። ሴቶች ለዚህ ብዙ ወትውተዋል፤ ድሉ የእነሱ ነው። ሌሎቹን ክፍያዎች ለጊዜው ትተን በቀረጥና በቫት ብቻ እናስላ። የ100 ብር ዕቃ ድሮ ቀረጥ ሲጨመርበት 130፣ ቫት ሲደረብበት 149.50 ብር ይሆን ነበር። ቀረጡ ከወረደ በኋላ 110፣ ከቫት ጋር 126.50 ብር። ቫቱ የሚታሰበው ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ ስለሆነ አንዱ ሲቀንስ ሌላውም ይቀንሳል።

በወረቀት 23 ብር ቀነሰ ማለት ግን በሱቅ 23 ብር ቀነሰ ማለት አይደለም። ቅናሹ አስመጪው ኪስ ሊቀር ይችላል። የውጭ ምንዛሪው ሊበላውም ይችላል። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የገቢ ዕቃ ሁሉ ዋጋ ተናግቷል። ስለዚህ የግብር ቅናሽ ሲታወጅ በዚያው ሳምንት ሦስት አራት ሱቅ ዞራችሁ ዋጋ መዝግቡ። ከሦስት ወር በኋላ ድገሙት። ይህን የሚያደርግ ሰው እምብዛም ስለሌለ በእጃችሁ ያለው መረጃ ዋጋ ይኖረዋል።

በግብር በኩል አንድ ጥሩ ነገርም እንዳይዘነጋ። እኛ አገር የደመወዝ ግብር የሚታሰበው በየግለሰቡ ነው። የሚስት ደመወዝ ከባል ደመወዝ ጋር ተደምሮ አይታሰብም። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ባልና ሚስት አንድ ላይ ግብር ሲያሳውቁ፣ ዘግይታ ሥራ የጀመረችው ሚስት የመጀመሪያ ዶላር የሚታሰበው የባል ደመወዝ በደረሰበት ምጣኔ ነው። "ከሞግዚት ክፍያ ጋር ሲደመር መሥራቷ አያዋጣም" የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስዊድን ይህን የጋራ ስሌት በ1971 እ.ኤ.አ. ትታ በግለሰብ ማስላት ጀመረች። የእኛን አሠራር አንድ ቀን "እናሻሽል" የሚል ቢመጣ፣ ይህን ነጥብ ጠብቁት።

4ኛ ደረጃ፦ ወጪውን በደመወዝና በሰዓት መዝኑ

የመንግሥት በጀት መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል። መደበኛው ደመወዝና የዕለት ሥራ ማስኬጃ ነው፣ ካፒታሉ ግንባታ። ግንባታ ዓይን ይስባል። ሪባን ይቆረጥለታል። ለሴቶች ግን ወሳኙ ብዙ ጊዜ መደበኛው ነው። አዋላጅ የሌለበት ጤና ጣቢያ፣ የፓምፕ ጠጋኝ የሌለው የውሃ ጉድጓድ ሕንጻውና ጉድጓዱ ቢኖርም ጥቅም አይሰጥም።

ሁለት ሴቶችን ጎን ለጎን አድርጉና ተመልከቱ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሠልጥነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። በጠቅላላው ከ30,000 በላይ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ደመወዝ ያገኙት ያኔ ነው፣ ያውም በተወለዱበት አካባቢ። በ2003 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የሴቶች የልማት ሠራዊት ተደራጀ። አንድ ለአምስት የሚባለው ማለት ነው። እነዚህም ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ንጽሕና ያስተምራሉ። ደመወዝ ግን የላቸውም።

ሁለቱም ያዋጡት ሥራ አገሪቱን ጠቅሟል፤ እናቶችና ሕፃናት ከሞት ተርፈዋል። የመጀመሪያዋ ግን በመደበኛ በጀት የደመወዝ መስመር ላይ አለች። ሁለተኛዋ የትም መስመር ላይ የለችም። አንድ ፕሮግራም "በኅብረተሰብ ተሳትፎ" ወይም "በበጎ ፈቃድ" ይሠራል ሲባል ወዲያው ጠይቁ፦ ተሳታፊዎቹ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት ናቸው? በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስድባቸዋል? ያ ሰዓት በቀን ሠራተኛ ዋጋ ቢታሰብ ስንት ብር ይሆናል? አባዙት። የምታገኙት ቁጥር ሴቶቹ ለመንግሥት በጀት ያደረጉት ድጎማ ነው።

ተቃራኒውም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የተማሪዎች ምገባ ሲጀመር እናቶች ተቀጥረው ምግቡን እንዲያዘጋጁ ተደረገ። ድሮ በየቤቱ በነጻ ይሠራ የነበረው የምሳ ሥራ ከፊሉ ወደ ደመወዝ ተለወጠ። ልጅ የምታደርስ እናትም ምሳ ቋጠሮ ላይ የምታጠፋው ጊዜ ተረፈላት። እንዲህ ያለው ወጪ ገንዘብም ሰዓትም ይመልሳል። የምገባ በጀት ሲቀነስ "ለትምህርት የተመደበው ቀነሰ" ብቻ አትበሉ፤ የስንት ሴቶች ደመወዝ እንደተነካም ጻፉ።

ውሃን በደቂቃ አስሉት። አንድ ቦኖ ውሃ መቅጃን በ30 ደቂቃ ቢያሳጥርና በቀን ሁለት ጊዜ የሚቀዱ 100 ቤተሰቦች ቢኖሩ፣ በቀን 100 ሰዓት ተረፈ። በወር 3,000 ሰዓት። ያ ሰዓት ለማን ነው የተረፈው? በ1ኛ ደረጃ ያነጋገራችኋቸው ሴቶች መልሱን ይነግሯችኋል።

የወሊድ ፈቃድን በጀት ብሎ የሚያነሳው የለም። መነሳት አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። በግል ድርጅት ይህን የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው። መንግሥትም የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድም አይከፍሉም። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ወጪው ያረፈበት ቦታ ግን መዘዝ አለው። አምስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ ድርጅት ወጣት ሴት ለመቅጠር ሲያመነታ "አራት ወር ሳትሠራ ልከፍላት ነው" ብሎ ያሰላል። አፍ አውጥቶ አይናገረውም እንጂ። እስራኤል አገር ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁት ሌላ መንገድ አለ። እዚያ የወሊድ ክፍያው የሚመጣው ቢቱዋህ ለኡሚ ከሚሉት ብሔራዊ የመድን ተቋም ነው፤ ሠራተኛውና አሠሪው ሁሉ ከሚያዋጡት ፈንድ ማለት ነው። ወንድ ብቻ የቀጠረም ያዋጣል። ስለዚህ ሴት መቅጠር በአሠሪው ላይ የተለየ ሸክም አይጨምርም። በእኔ እምነት በእኛ አገር ከሁሉም ቀድሞ መነሳት ያለበት ጥያቄ ይህ ነው።

ትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣበትም ቦታ አለ። የገጠር መሬት ደብተር ነው ምሳሌዬ። በትግራይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መሬት ሲመዘገብ የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ስም ነበር። ኋላ በአማራ ክልል ሲሠራ የባልና የሚስት ስም፣ የሁለቱም ፎቶ አብሮ ሰፈረ። የመጀመሪያው ዙር ምዝገባ ለአንድ ማሳ የፈጀው አንድ የአሜሪካ ዶላር ቢሆን ነው። ልዩነቱ የቅጹ አንድ መስመርና አንድ ፎቶ ነው። ሴቲቱ ግን ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ በእጇ የምትይዘው ማስረጃ አገኘች። ስለዚህ የብር መጠኑን ብቻ አትዩ፤ ቅጹን፣ መመሪያውን፣ "ተጠቃሚ" ተብሎ የሚመዘገበው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ድሆች የጉልበት ሥራ እየሠሩ ድጋፍ በሚያገኙበት በምርታማ ሴፍቲኔትም ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ከጉልበት ሥራ ወጥተው ድጋፉን እንዲያገኙ መመሪያው ይፈቅዳል። መሬት ላይ ይህ እየተደረገ መሆኑን የምታውቁት ግን ሴቶቹን ስትጠይቁ ነው።

5ኛ ደረጃ፦ የዘንድሮን ከአምና፣ የተመደበውን ከዋለው ጋር አወዳድሩ

ወረዳው አምና ለሕፃናት ማቆያ 1,000,000 ብር፣ ዘንድሮ 1,100,000 ብር መደበ እንበል። "ጨመርን" ይሏችኋል። ዋጋ በዓመት 20 በመቶ ከናረ አምና የተሠራውን ለመሥራት 1,200,000 ብር ያስፈልጋል። ስለዚህ በጀቱ ወደ 8 በመቶ ቀንሷል። ይህን ስሌት ሳታደርጉ የትኛውንም ጭማሪ አታጨብጭቡለት።

ከዚያ የተመደበው ምን ያህሉ እንደዋለ ጠይቁ። ዓመቱ አጋማሽ ላይ ገንዘብ ሲያጥር ከሴቶች ጽሕፈት ቤት፣ ከሥልጠና፣ ከማቆያ ወደ ሌላ መስመር ማዛወር ቀላል ነው። ደመወዝ አይነካም፣ ጅምር ሕንጻም አይቆምም። ተጨማሪ በጀትም ተከታተሉ። በ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ብር ከጸደቀ በኋላ ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ገደማ ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። ሰኔ ላይ ብቻ ያነበበ ሰው የዓመቱን ከሲሶ በላይ አላየም።

6ኛ ደረጃ፦ ጥያቄውን ለሚመልሰው ሰው አድርሱ

"ለሴቶች ትኩረት ይሰጥ" አትበሉ። መልሱ "እንሰጣለን" ነው፣ በዚያው ያልቃል። ቁጥር፣ ቦታና ቀን ያለው ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ እንዲህ፦ "በወረዳችን ሦስት ቦኖዎች ከመስከረም ጀምሮ ተበላሽተዋል። ያነጋገርናቸው ሴቶች በቀን አንድ ሰዓት ተጨማሪ ይጓዛሉ። ለውሃ ጥገና የተያዘው በጀት ስንት ነው? እስካሁን ስንቱ ወጣ? ቦኖዎቹ በየትኛው ወር ይጠገናሉ?" ይህን "እናያለን" ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

በወረዳ ደረጃ መጀመሪያ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱን፣ ቀጥሎ የወረዳ ምክር ቤት ተመራጫችሁን አነጋግሩ። በፌዴራል ደረጃ የፓርላማው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ አለ። የግብርና የበጀት ጉዳይ ግን የሚመራው ለፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ነው፤ ለሁለቱም ጻፉ። ባልትና ሱቋን የሚመለከተውን ስሌት የያዘ ደብዳቤ ወደ ሁለተኛው ካልደረሰ ሕጉን የሚያዩት ሰዎች ጋ አልደረሰም። የዋና ኦዲተር ሪፖርት ፓርላማ ሲቀርብም አንብቡት፤ ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት በስም ተዘርዝሮ የሚገኘው እዚያ ነው።

የበጀት ውይይት ሲጠራ የሚጠራበትን ሰዓትም ተመልከቱ። ገበያ በሚውልበት ቀን ጠዋት ከተጠራ ነጋዴዎቹ ሴቶች የሉም። ስብሰባው ከሰዓት በኋላ እንዲሆን፣ ቃለ ጉባኤው ላይም ስንት ሴት እንደተገኘች ብቻ ሳይሆን ስንቷ እንደተናገረች እንዲጻፍ ጠይቁ።

መልስ ስታገኙ ቀኑን፣ የመለሰውን ክፍልና የተባለውን ቁጥር ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። የስድስት ወሩ አፈጻጸም ጥር ላይ ለምክር ቤት ሲቀርብ ደብተሩን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ቦኖዎቹን በየስማቸው እየጠራችሁ ስንቱ እንደተጠገነ፣ ስንት ብር እንደወጣ ጠይቁ። ለየካቲቱ የበጀት ዝግጅት የምታቀርቡት ጥያቄም ከዚያ መልስ ይነሳል።